ታላቁ ወንድም ፈረሱ ላይ የወጣበት ቅዳሜ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ማታ አቶ ታደለ ከእንጅባራ ደውሎ፣ "ሽማግሌዎች ግድግዳህን አይተው ተቆጥተዋል። ነገ በጠዋት ድረስ፤ አለዚያ ኖራ ይቀባል" አለኝ። "ምኑ ነው ያስቆጣቸው?" ስለው ኔትወርኩ ጥርቅም! መልሼ ብሞክር እምቢ አለ።

አቶ ታደለ የመጋዘኑን አጥር እንድስልበት የሰጠኝ ነጋዴ ነው። ሦስት ሳምንት መሰላል ላይ ውዬ የሰባት ቤት አገውን አመጣጥ ሳልኩበት፤ ሰባቱ ወንድማማቾች አገሩን ሲከፋፈሉ። ስድስቱ ፈረስ ላይ ናቸው። ታላቁ ወርዶ በበትሩ መሬቱን ያመለክታል፤ ያጌጠውን ፈረሱን ከኋላው አንድ ሰው በልጓም ይዞለታል። ደጅ ላይ፣ ለአላፊ አግዳሚው የሳልኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። እሱ ኖራ ከተቀባ ሁለተኛ ማን ግድግዳ ይሰጠኛል? ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ቀለምና ብሩሽ ቦርሳ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ዳንግላ

መራዊን እንዳለፍን የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወት እያየኝ፣ "ወንድሜ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" አለኝ። ነገርኩት።

"ታላቁን ማነው አልከው? የባንጃ ሰው የኛ አባት ነው ይልሃል፣ የአንከሻ ሰው የኛ።"

"ስም አልጻፍኩም! ይህንኑ ፈርቼ ነው ያልጻፍኩት።"

"እንግዲያ አለመጻፍህ ይሆናላ!" ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ።

ዳንግላ ቁርስ ቆምን። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ሃያ ብር። ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። ስልኬ ላይ ያለውን የግድግዳዬን ፎቶ አውጥቼ ወንድማማቾቹን ቆጠርኩ። ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ሰባት። ልብሳቸው ይሆን? በትሩን በግራ እጁ አስይዤው ይሆን? አስተናጋጇ ሳህኑን ልታነሳ መጥታ፣ "አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ እንጅባራ

ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ጭጋግ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ ሴቶች ድንች ተሸክመው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። እንጅባራ ስወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔን ግን ያልበኛል። ባጃጁ ከመጋዘኑ ፊት አወረደኝ። አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቁኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል!

አያ ምትኩ የሚባሉት ታላቃቸው ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። "ልጄ፣ ይሄ ፈረስ የማን ነው?"

"የታላቁ ወንድም ነው፣ አባቴ።"

"ታላቁ ሞቷል?"

"ኧረ አልሞተም! ይኸው ቆሞ መሬት ያካፍላል።"

"ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ፈረስ እንዲህ ተሸልሞ በሰው እጅ አይጎተትም። የለቅሶ ፈረስ ነው ያወጣህብን። አባታችንን ገድለህ ነው የምታካፍለን?"

ያን ፈረስ ካቻምና ከአዘና ስመለስ በመኪና መስኮት ፎቶ አንስቼው ነው ግድግዳው ላይ የቀዳሁት። ሕዝቡ ብዙ፣ ፈረሱም ያጌጠ ስለነበር ሰርግ መስሎኝ ነበር። የከተማ ልጅ ነገር!

ፍርዱ ግን ቀላል ሆነ። ሳይመሽ ታላቁን ፈረሱ ላይ እንዳወጣው፣ ያን ካደረግኩ ኖራው እንዲቀር ተስማሙ። እፎይ ብዬ መሰላሉን ወጣሁ።

"ልጄ፣ ውረድ።"

ከታች ጥቁር የለበሱ ሴት ቆመዋል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ። 'የባልሽ ፈረስ ግድግዳ ላይ ወጥቷል' ብለዋቸው ነው ከአዘና የመጡት።

"የቀኝ ጆሮውን ጫፍ እየው፣ የተቀደደውን። የባለቤቴ ፈረስ ነው። እሱ ከሞተ ሰው አልወጣበትም። አሁን አንተ ማንን ልታስቀምጥበት ነው?"

ወርጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። "ካዘኑብኝ ፈረሱን አጠፋዋለሁ" አልኳቸው።

"ሁለተኛ ልትቀብርብኝ?"

ወዴት ልሂድ? ሽማግሌዎቹ ሰው አስቀምጥ ይላሉ፤ እሳቸው ማንም አይቀመጥ ይላሉ። ጨንቆኝ ነው እንጂ አስቤው አይደለም፣ "እሳቸው ፈረስ ላይ ሲሆኑ አቀማመጣቸው እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ "ወደ ግራ ዘንበል ይል ነበር" አሉ።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ እዚያው

ቆሞ ያመለክት የነበረውን ፍቄ አጥፍቼ እላይ አወጣሁት፤ ልጓም ያዡንም አስወገድኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ምሳ እንኳ አልቀመሱም። "ትከሻውን ዝቅ አድርገው። አፉን አትግጠመው፤ ፈረስ ላይ ሲሆን ያንጎራጉራል።" 'ያንጎራጉራል' ነው ያሉት፣ በሕይወት እንዳለ ሰው፤ እኔም አላረምኳቸውም።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አያ ምትኩ አንገታቸውን አቅንተው አዩ። "ተመስገን! አባታችን ተነሳ። መልኩን ከየት አመጣኸው?"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "የአባታችሁ መልክ ነዋ፤ የማን ሊሆን ኖሯል?" አሉ።

ወደ አዘና እስከሚሄደው መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። "ልጆቼን አመጣቸዋለሁ" አሉኝ። ሊሳፈሩ ሲሉ ግን ዞሩ። "ዝናብ ያጠፋዋል እንዴ?"

"ኧረ አያጠፋውም!" አልኩ።

ምሽት 12 ሰዓት ተኩል፣ ዳንግላ

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ዋሽቻቸዋለሁ። ሌላውን ሥዕል ዝናብ በሚችል የውጭ ግድግዳ ቀለም ነው የሠራሁት። ፈረሰኛውን ግን ቦርሳዬ ውስጥ በነበረው የቤት ውስጥ ግድግዳ ቀለም ሳልኩት። የእንጅባራ ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሲመታው ፈረሱ ይቀራል፤ ሰውየው ብቻ ታጥቦ ይወርዳል። ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ የሚያገኙት ባዶ ኮርቻ ነው።

ዳንግላ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መስታወቱን መቱት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ቀለም ቤት መብራቱ እንደበራ ነው። ሥዕሉን ከዝናብ የሚከልል ቫርኒሽ አይጠፋውም።

"ወራጅ አለ!"

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። "ባሕር ዳር አልነበር ያልከው?"

"እንጅባራ ነው የምሄደው" አልኩና በሩን ከፈትኩ።