የዶሪስ ጉም

ናሬል ኩጋን ለባሏ የማታወራውን ለዶሪስ ታወራ ነበር። ዶሪስ ሰው እንዳትመስላችሁ። ከልብስ ማጠቢያ የማትበልጥ፣ ጎማ እግር ያላት፣ ውሃ እያንቀጠቀጠች ጉም የምትተፋ አሮጌ ማሽን ናት። ባሏ ኬቭ ይህን ሲሰማ «እኔም ጉም ብተፋ ኖሮ ታዋሪኝ ነበር» ብሎ አኮረፈ ይባላል። ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እውነት ነው።

እዚህ ዳንዲኖንግ ከተማ ያለው ፋብሪካችን የዓይን መርፌ መድኃኒት በጠርሙስ ይሞላል። ጠርሙሶቹ አፋቸውን ከፍተው በሚያልፉበት ንጹህ ክፍል አየሩ ከጣሪያ ወደ ወለል ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። የሆነ ቦታ ተጠማዞ ከተነሳ ከታች ያገኘውን ቆሻሻ ይዞ የጠርሙስ አፍ ላይ ያርፋል። አየር ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ጉም እንለቅበትና አካሄዱን እንቀርጻለን። የጉሙን ቱቦ የምትይዘው ናሬል ናት። ማሸጊያ ክፍል ካርቶን እያጠፈች ጀምራ ነው እዚህ የደረሰችው። ፊልሟን ያየ ሁሉ «እንደ መጋረጃ እኮ ነው የሚወርደው!» ይላታል። እሷም ኬኳ እንደተመሰገነላት ሴት ትሽኮረመማለች።

ዶሪስን የሠራው ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መለዋወጫ የለም። ጉሟ እየሳሳ ሲመጣ ናሬል ጉልበተኛ ማራገቢያ ፈልጋ ገጠመችላት። ጉሙ ወፈረ፣ ለካሜራም አማረ፤ አጨበጨብንላት። የሚያምር ጉም ስናይ ጥያቄ አንወድም።

አንዷ ግን ትወድ ነበር። የጥራት ኃላፊዋ ቬስና ዶሪስን «ያቺ ልብስ ማጠቢያ» ብላ ነው የምትጠራት። ሰንብታም አዲስ ማሽን አስገዛች።

«ጉሙ እንደ ቢሮ ሻይ ቀጭን ነው» አለች ናሬል ምሳ ላይ፣ ፓይዋን እየገመጠች።

«ቀጭን ስለሆነ ነው የገዛሁት» አለች ቬስና። «ያንቺዋ እየተገፋች የምትወድቅ ውሃ ናት። አየሩ ወደ ጣሪያ ቢሄድ እንኳ እሷ መሬት ነው የምትፈልገው።»

«እንግዲያው ፊልሞቼ ሁሉ ውሸት ናቸው በያ!»

«አላልኩም።»

«በዓይንሽ ብለሻል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሰላምታም እየቆጠቡ ይሰጣጡ ጀመር።

የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጃችን ሊንደን አዲስ ፊልም ይቀረጽ አለ። ናሬል ከእግር እስከ ራሷ ተሸፍና፣ አዲሱን ማሽን ትታ ዶሪስን እየገፋች ገባች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ማንም አይፈጥንም፤ የፈጠነ ሰው አየሩን ይበጠብጣል። ሊንደን፣ ቬስናና እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆምን። የድምፅ ማጉያው ቁልፍ በሊንደን እጅ ነው፤ የካሜራውም ማብሪያ ማጥፊያ ከጎኑ።

ዶሪስ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሁለተኛ አስነጠሰች። ከዚያ በጉም ፋንታ ጥርት ያለ ውሃ ወለሉ ላይ ተፋችና ዝም አለች።

«በናትሽ ተነሺ!» ሲል የናሬል ድምፅ በማጉያው መጣ። ዶሪስ ግን አልተነሳችም።

ወለሉ ተጠርጎ ክፍሉ እንደገና ጸዳ። ቬስና አዲሱን ማሽን ከበር ላይ አቀበለች። ናሬል የሌላ ሴት ልጅ እንደሚታቀፍ አድርጋ ተቀበለችው። ካሜራው በራ።

ቀጭኑ ጉም ወረደ። በመሙያው ላይ ወረደ፣ በመዝጊያው ላይም ወረደ። ሊንደን መተንፈስ ጀመረ። ባለፈው ክረምት ለጠርሙስ ቆጣሪ ተብላ የተገጠመች አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች። ጉሙ እዚያ ሲደርስ ቆም አለ፣ ተጠቀለለና ወደ ላይ ወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ በባዶዎቹ ጠርሙሶች አፍ ላይ።

ያቺን ብረት «ምንም አታደርግም» ብሎ ያሳለፈው የናሬል ፊልም ነው። ከክረምት ወዲህ የሞላነው ሁሉ በዚያ ፊልም ታምኖ ነው የተሞላው።

ሊንደን ቁልፉን ተጫነ። «ናሬል፣ የኔ እመቤት፣ እጅሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊው እስቲ። ወደ ብረቱም ጠጋ በይ።»

እኔ እንኳ ገባኝ። ዝቅ ካደረገችው የቱቦው ግፊት ጉሙን ወደ ታች ይደፋዋል። ስሟም ይተርፋል፣ ሥራውም ሰኞ ይቀጥላል። ቬስና መስታወቱ ላይ ተጣበቀች። ናሬል ቀና ብላ አየችን። ቱቦው ትንሽ ወረደ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ወረደ። ከዚያ ቆመ፤ ተመልሶም ወደ ቦታው ወጣ።

«እጄ የትም አይሄድም፣ ሊንደን።»

«ናሬል፣ እኔ የምልሽ...»

«ሰምቼሃለሁ። ይቀረጻል። ካሜራውን የነካህ እንደሆነ በነዚህ ነጭ ልብሶቼ መኪና ማቆሚያው ድረስ ነው የማባርርህ።»

ሊንደን ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ጉሙ መጠቅለሉን ቀጠለ፣ እሷም መያዟን።

መስመሩ የዚያኑ ዕለት ቆመ። መጋዘን ያለው ታገደ፣ የወጣውም ከገበያ ተሰበሰበ። በየጠርሙሱ ሲመረመር ቆሻሻ አልተገኘም፤ ያ ግን የታወቀው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ናሬል እንቅልፍ አልነበራትም፤ ኬቭ «አሁን እኔንም ታዋራኛለች፣ ግን ሌሊቱን በሙሉ» ብሎ አማረረ። በሠራተኛው ፊት ቆማ «ማራገቢያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጉሙ እንዲያምር ነበር። እውነቱን መደበቁን አላወቅኩም» ያለችውም ራሷ ናት። ሊንደን ከቱቦው ሊያነሳት ሲል ቬስና «እሷ ካልያዘችው እኔ አልፈርምም» አለች። ቀረ።

ብረቷ ተነቅላ እንደገና ሲቀረጽ ቬስና አብራት ገባች፤ እኔ ከመስታወቱ ውጭ በማጉያው እሰማለሁ።

«ያን ቀን እጅሽ ወርዶ ነበር» አለቻት።

«ወርዶ ነበር» አለች ናሬል።

«ምን መለሰው?»

«አንቺ። በመስታወቱ ስትጠብቂኝ አየሁሽ። ደስ እንዲልሽ አልፈለግኩም።»

ቬስና በጭምብሉ ውስጥ ሳቀች መሰለኝ፤ ዓይኗ ጠቦ ነበር።

ዶሪስን ኬቭ ጠግኖ ለእግር ኳስ ክለቡ ሰጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲገቡ ጫማቸው ላይ ትተፋለች። አዲሱ ማሽን ላይ ደግሞ አንድ ጠዋት ስም ተለጥፎ አገኘን፦ «ቬስና»።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች ባለስሟ።

«ቀጭን ናት፣ ደረቅ ናት» አለች ናሬል ቱቦውን እየጠረገች፣ «ግን አትዋሽም።»

ስሙን ማንም አልላጠውም።