ነጭ የተቀባው ቀበሌ

መምህር አዱኛ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ የሚይዘው የሚጨብጠው የሚጠፋበት ሰው ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የግቢው ሣር ይታጨዳል፤ በመግቢያው ዳርና ዳር የተደረደረው ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ከባኮ ዝቅ ብሎ፣ የበቆሎው ማሳ ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ቆላ፣ ሳይንስ እያስተማረ ዕድሜውን የገፋው እንዲህ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የልጆችን ሰገራ መርምረው የሆድ ትል የሚበዛበትን አካባቢ በካርታ ሊያወጡ ነው የሚል ወሬ መጣ። አዱኛን መጀመሪያ የታየው ኀፍረቱ ነበር። የእሱ ልጆች ትላም ተብለው በወረዳ ስብሰባ ሊነሡ! ባኮ ወጥቶ ከመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከሱልጣን ለተማሪዎቹ የሚበቃ የትል መድኃኒት ጠየቀ።

"ምነው መምህር፣ ሆድም እንደ ግቢ እንግዳ ሲመጣ ነው እንዴ የሚጠረገው?" አለ ሱልጣን እየሳቀ።

"አንተ ዝም ብለህ ስጠኝ። ሰው ፊት አታዋርደኝ።"

ሱልጣን ሳቁን ሳይጨርስ ቆጥሮ ሰጠው። ልጆቹ ዋጡ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ባለሙያዎቹ መጡ፤ ማይክሮስኮፓቸውን የአዱኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እንዳጎነበሱ ዋሉ። ምንም አላገኙም። "በዚህ ቆላ እንዲህ ያለ ንጹሕ ትምህርት ቤት አላየንም" ብለው እጁን ጨብጠውት ሄዱ። የዚያን ሰሞን የአዱኛ አረማመድ ራሱ ተለውጦ ነበር።

በዓመቱ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች ደረሰ፤ ለእነሱ ግን አልመጣም። አዱኛ ወረዳ ሄዶ ጠየቀ። አንድ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ አሳየው። ትል የበዛበት ቀይ ነው፤ መለስተኛው ቢጫ። የእነሱ ቀበሌ ነጭ።

"እናንተማ ነጭ ናችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!"

እውነቱን ለማውጣት እዚያ ላይ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አዱኛ አመስግኖ ወጣ።

የበቆሎ ገበሬው የኦቦ ፉፋ ልጅ ጊፍቲ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ፈጣን፣ ጠያቂ ልጅ። ከትምህርት ስትመለስ ወንዝ ዳር ባለው ማሳ በባዶ እግሯ አባቷን ስታግዝ ታመሻለች። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ዴስክ ላይ መተኛት አመጣች። ፊቷ ገረጣ፤ ከግድግዳው ጭቃ እየፈረፈረች ስትበላም ታየች። ይህ የምን ምልክት እንደሆነ አዱኛ ራሱ ለክፍሉ አስተምሯል። ግን ትል የለም የተባለበት ቀበሌ ነውና፣ "አንቺ እንቅልፋም!" አላት። ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ቀረች። አባቷ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት ትሉ ደሟን መጥጦ ጨርሶት ነበር።

አዱኛ ሊጠይቃት ሄዶ መደብ ላይ ተኝታ ሲያያት አልቻለም። ለኦቦ ፉፋ ሁሉንም ነገረው።

"ባርሲሳ" አለ ፉፋ፣ መምህሩን በኦሮምኛ ጠርቶ፣ "ሰንፋለች ስላልከኝ ስገርፋት ነው የከረምኩት።"

ይህን ብሎ ልጁን ጋቢ አለበሳት። ቢጮህበት ለአዱኛ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ አዱኛ ወረዳ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። ያ ሠራተኛ ተዛውሮ ነበር፤ በቦታው የተተካው ደግሞ "ታዲያ ካርታ በአንተ ቃል ይቀየራል እንዴ?" አለው። ደግመው እስኪመረምሩ ሌላ ሁለት ዓመት አለፈ።

መድኃኒቱ የመጣ ቀን ጊፍቲ ታናሽ እህቷን እጇን ይዛ ግቢ ገባች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ቁመቷ እሱን ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። አስፋልቱ ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የተጠበሰ በቆሎ መሸጥ ከጀመረች ቆይታለች።

"አንቺም ተመለሽ እንጂ። አምስተኛ ክፍል ቦታ አለሽ" አላት።

"ከነዚህ ጋር? ጉልበቴን የት ላስገባው ጋሼ?" ብላ ሳቀች። "ይልቅ እሷን አፏን አስከፍቷት፤ ክኒኑን ምላሷ ሥር ትደብቃለች።"

አዱኛ ሌላ ነገር ሊላት ሲል የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ጊፍቲ ነጠላ ጫማዋን እያንጣጣች በሩጫ ወጣች። የተሰለፉት ልጆች እየጠበቁት ስለነበር ጎንበስ ብሎ መድኃኒቱ የሚዋጥበትን ውሃ ቀዳ።