ቅቤ የነካው ወለል

የበደለኝ የኮምፒውተር አስተማሪው ነው። የበደለኝም መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያዎቹን ኮምፒውተሮች ባስገባበት ክረምት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጂንካ ውስጥ የሚያውቁት ያውቁታል።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ኮረሪማ የገባበት ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ኢንተርኔት ሱቄ ገባች። የልጇን የፈተና ውጤት አይታ ከሄደች ቆየች፤ ሽታው ግን አልሄደም። ይህን የሚያናግረኝ ሽታው ነው።

ያኔ በጽሕፈት መኪና ነበር የምጽፈው። ገና ልጅ ነበርኩ፣ የአሪ ገበሬ ልጅ። ከመቀመጫዬ በመስኮቱ በኩል የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ይታየኝ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔም መኪናዬን እደበድባለሁ፤ ከሁለታችን ማን እንደሚበረታ አይለይም ነበር። ከዚያ የጽሕፈት መኪናዎቹ ሊሰበሰቡ ነው ተባለ። የኮምፒውተር ሥልጠናውን ያለፈ ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል፣ የወደቀ ወደ ወረዳ ይዛወራል። እኔ ያንን መቀመጫ ማጣት አልፈለግሁም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ወለል ሰማያዊ ፕላስቲክ ተነጥፎበታል። ማሽኖቹ የጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። አቧራ ይገድላቸዋል ስለተባለ ጫማ ሳያወልቅ የሚገባ አልነበረም። ሌሎቹ ካልሲ ነበራቸው። እኔ በኮንጎ ጫማ ከገጠር ጭቃውን እያቋረጥኩ የምመጣ ነኝ፤ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ቀይ አፈር ይዟል።

ለእናቴ ነገርኳት። ማሽኑን እንደ አማች ነው የቆጠረችው። በእንዲህ ያለ እግር እፊቱ አትቀርቢም አለችና ስታጥበኝ፣ ስትፈትገኝ አመሸች። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ስንጥቁን በቅቤ ሞላችው። ጥሩ እንዲሸት ብላ ለእንግዳ የምታስቀምጠውን ኮረሪማ ወቅጣ ጨመረችበት።

ክፍሉ ሙቀት ነበረው፣ መስኮት አይከፈትም። ገና ሳልቀመጥ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከመዝገብ ቤት የመጣው ሰውዬ፣ "ምነው፣ ገበያ ገባን እንዴ?" አለና ሳቁ። አስተማሪው ሰማያዊው ወለል ላይ የታተመውን የእግሬን ዱካ አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"እህቴ፣ ይህ በረት አይደለም። በሩ ላይ ሆነሽ ተከታተዪ።"

የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠርቶ የረገጥኩትን ቦታ በሳሙና አሳጠበ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ ቅቤ አልተቀባሁም፤ እሱ ግን ቦታዬን በእጁ አመለከተኝ፣ በሩን። ሥልጠናውን የጨረስኩት የሰዎች ጀርባ እያየሁ ነው። የፈተናው ቀን ማሽኑ ፊት ስቀመጥ ጣቶቼ ፊደሎቹን በለመዱበት ቦታ ፈለጉ፤ አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። ወደቅሁ። ቆላ ወርጄ ወይጦ መዝገብ ቤት ተመደብኩ፣ መቀመጫዬን ሌላ ሰው ወሰደው።

ለስንብት ቤት ስገባ እናቴ፣ "ቅቤው ጠቀመሽ?" አለችኝ በቋንቋችን።

"ጠቅሞኛል" አልኳት። እስክትሞት ድረስ የምታውቀው ይህንኑ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ አውርታዋለች።

ወይጦ ስኖር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ በሩን ዘግቼ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ ተማርኩት። በኋላ ጂንካ ተመልሼ ይህን ሱቅ ከፈትኩ። አሁን ከተማው ሁሉ በእኔ ወንበር ያልፋል። የፈተና ውጤት በኢንተርኔት፣ መታወቂያ በኢንተርኔት፣ ማመልከቻውም፣ ምደባውም። ኔትወርክ ሲጠፋ መምህሩም ነጋዴውም ደረጃዬ ላይ ተቀምጠው ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ሰማይ ያያሉ። እኔ ቤት ጫማ አይወለቅም። በጭቃም፣ በባዶ እግርም ይገባሉ። እስከ ዛሬ በአቧራ የሞተ ማሽን የለኝም።

ባለፈው ክረምት አስተማሪው መጣ። ሸብቷል፣ ዱላ ይዟል። የጡረታ ጉዳዩን በኢንተርኔት አስሞላ ተብሎ ነው የመጣው። ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ የድሮ ልማዱ ነው። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀድዷል።

"እህቴ፣ እባክሽ ቶሎ ጨርሺልኝ" አለ። አላወቀኝም።

"ኔትወርክ የለም። በሩ ላይ ሆነው ይጠብቁ" አልኩት።

ኔትወርክ ነበረ። ኔትወርክ የለም ከተባለ ግን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ የለም። ጫማውን በእጁ ይዞ ቆመ። ሌሎች በአጠገቡ እየገቡ ጉዳያቸውን ጨርሰው ወጡ፤ እሱ ኔትወርኩ ለእነሱ እንዴት እንደመጣ እንኳ አልጠየቀም። ሱቁን ልዘጋ ስል ጠርቼ ቅጹን ሞላሁለት። መርቆኝ ሄደ።

እሱ ሲወጣ የቆመበትን ቦታ በውሃና በሳሙና አጠብኩ።