የሞተሩ ሌባና የአባቴ በሬ

ሰንሰለቱን ከነቁልፉ የገዛሁት ከንፋስ መውጫ ነው። ሻጩ "ይህን የሚሰብር ሌባ ገና አልተወለደም" ብሎ ምሎልኛል። አባቴ ግን ሲያዩት ሳቁብኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሞፈርና ቀንበራቸውን ከማሳ ትተው ሲገቡ የነካባቸው የለም። በእኛ አገር የእርሻ ዕቃ መስረቅ ከነውርም የባሰ ነውር ነበር።

"የእርሻ ዕቃ ታስሮ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ውሻ ነው እንዴ?"

"አባባ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው።"

"እኛ ሳንጠረጥር ነው የኖርነው።"

ዕቃው የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበር። በበጋ ከወንዙ እየሳቡ ሽንኩርት ሊያለሙ ብለው፣ ከሁለት በሬያቸው አንዱን ሸጠው ገዙት። የቀረውን በሬ ከጎረቤታችን በሬ ጋር አቀናጁ። ጎረቤታችንም ባለ አንድ በሬ ናቸው፤ አንድ ቀን የኛን፣ በማግሥቱ የሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። ሞተሩ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ፣ ሲመሽ ከአባቴ ጋር ተሸክመው ቤት የሚያስገቡትም እሳቸው ነበሩ። እኔ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ነኝ፤ በሸክሙም በእርሻውም የለሁበትም። ለምክር ግን የሚቀድመኝ አልነበረም።

በየካቲት አንድ ቀን ጎረቤታችን ወገባቸውን አመማቸውና "ዛሬስ ገለባ አልብሰነው እዚያው ይደር" አሉ። አባቴም እሺ አሉ። ጠዋት ሲወርዱ ገለባው ተበትኗል፣ የውሃው ጎማ ተቆርጧል፣ ሞተሩ የለም። ሰንሰለቱ ቤት ውስጥ ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

ወሬው ሲደርሰኝ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። ቀድሜ ተናግሬ አልነበር! ስደርስ መንደሩ በአገሩ ደንብ ለአውጫጭኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፉ ሥር ተሰብስቧል። እያንዳንዱ ተነስቶ ያየውን የሰማውን ይናገራል፤ የተጠረጠረም መስቀል ይዞ ይምላል። ረፋዱን ሙሉ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብቻ ሆነ። አባቴ "የሚጠረጥሩት አለ?" ተብለው ሲጠየቁ "የለኝም" አሉ።

እኔ ተነሳሁ። "'እዚያው ይደር' ያሉት ሰው ይማሉልን" አልኩ።

ጎረቤታችን አልተከራከሩም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ የቄሱን መስቀል ይዘው፣ ሞተሩን እንዳልወሰዱ፣ የወሰደውንም እንደማያውቁ ማሉ። ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ አባቴ ዞሩ።

"ወገቤን አንድ ቀን ቢያመኝ አስማልኸኝ?"

"እኔ አላልኩም" አሉ አባቴ።

"ልጅህ ሲል ግን ዝም አልክ።"

እዚያ አገር በእውነት መማልም ስም ያጎድፋል። ያስማለና የማለ ደግሞ በአንድ ቀንበር በሬ አያቀናጅም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እዚያው ነው ያደግሁት። በዚያች ሰዓት ግን ልክ ሆኜ መታየት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ከወር በኋላ በሌላ ቀበሌ፣ እንደኛው የውሃ ጎማ እየቆረጡ ሞተር የሚወስዱ እንግዳ ሰዎች ተያዙ። የኛንም እነሱ እንደወሰዱት ተናገሩ፤ ሞተሩ ግን ተሸጦ ሄዷል። ሽንኩርቱም ደርቋል። በኀፍረት ጎረቤታችን ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ፤ ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልህ" አሉኝ። "በሬውን ግን ከሌላ አቀናጅቼዋለሁ። ቃል ገብቻለሁ።"

አባቴ ሌላ በሬ ፈለጉ። ባለ አንድ በሬ ሁሉ አስቀድሞ ጓዱን ይዟል፤ ያልያዘውም "ልጅዎ ያስምለናል" እያለ ሸሸ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛን የመነጠረን የኔ ጥርጣሬ ነው።

በሰኔ ስመለስ ዝናቡ ጥሎ የጎረቤታችን ማሳ ታርሷል። የኛ ማሳ አረም ለብሷል፤ በሬያችን ብቻውን ዳሩን ይግጣል። ቀንበሩ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ማንም አልሰረቀውም። ምን እንደምሠራ ጠፋኝና ሰንሰለቱን ከምሰሶው አውርጄ የበሬውን ባዶ በረት በር ማሰር ጀመርኩ። አባቴ ከደጃፉ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ሞተሩን ሌባ ወሰደው" አሉ። "የበሬዬን ጓድ ማን ወሰደብኝ?"

ቆለፍኩና መክፈቻውን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።