ገላዋ ይቆይ

ሥራ የጀመርኩት ሁሩሙ አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን አዋላጅ ነርሷ ሲስተር አልማዝ የማዋለጃውን ወለል በበረኪና እንዴት እንደማጸዳ አሳዩኝ። ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ የመጣች ሴት ሞቶ የተወለደ ልጅ ታቅፋ አለቀሰች። የእኔ በኩር ገና ጡት አልጣለም ነበር። ቤት ገብቼ ትንፋሹን ሳዳምጥ ቆየሁ። በማግስቱ ግን ሥራዬ ላይ ነበርኩ።

ያኔ የምናጣቸው ሕፃናት አብዛኞቹ እናቶቻቸው ቤት ውስጥ ሲያምጡ ውለው አድረው የሚመጡ ነበሩ። ኋላ አምቡላንስ መጣ። የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራና ቤታቸው የራቀ ሴቶች ቀናቸው ሳይደርስ ገብተው ይጠብቁ ጀመር። እኔም ወደ ማቆያው ተዛወርኩ። ገንፎ አገነፋለሁ፤ ብርድ ልብስ አጥባለሁ፤ ምጥ የጀመራትን ደግፌ አዋላጆቹ ዘንድ አደርሳለሁ።

ሞቶ የሚወለደው ቀነሰ። በሕይወት ተወልዶ ወዲያው የሚሞተው ግን አልቀረም። ያለ ጊዜው የተወለደ አለ፤ ትንፋሽ ያጠረው አለ፤ ኢንፌክሽን የያዘው አለ፤ ብርድ የገባው አለ። እኔ የምታገለው ብርዱን ነበር። እኛ ዘንድ ሕፃን ላይ ያለው ነጭ ቅባት እንደ እድፍ ይታያል። ሳይታጠብ አይታቀፍም፤ ሲታጠብ ደግሞ ይበርደዋል።

ዘይነባ የምትባል ወላድ ነበረች፤ ቀደም ሲል የወለደቻቸው ልጆች አልቆዩላትም። ይህችኛዋም ያለ ጊዜዋ መጣች፤ በጣም ትንሽ ነበረች። እናትየው ደም ስለፈሰሳት ሲስተር አልማዝ እሷን ያዙ፤ ሕፃኗን አድርቀው ለእኔ ሰጡኝ። ወደ መቱ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አምቡላንስ ለሌላ ጥሪ ኖፓ ሄዷል። በዚህ መሀል አማቷ አዴ ከድጃ ውኃ በሳፋ ይዘው ገቡ።

«አምጪያት፣ ትታጠብ» አሉ።

እንደሚበርዳት ነገርኳቸው። ስንት ልጅ እንዳሳደጉ ነገሩኝ።

«አንቺ ወለሉን እጠቢ፤ የልጅን ነገር ለእኔ ተይው።»

 ሕፃኗን ግን አልሰጠኋቸውም።

«አዴ፣ እግሯን ይንኩት» አልኩ።

ሳፋውን አስቀምጠው ነኩት፤ ቀዝቅዟል። «ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ።

«ደረትዎ ላይ፣ ከልብስዎ ሥር ይያዟት። እናቷ አሁን አትችልም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከየት አምጥቼ ላጠባት?»

«ወተት አልጠየቅንም፤ ሙቀትዎን ነው።»

እየሳቁ ተቀመጡ። ሲስተር እንዳስተማሩኝ ሕፃኗን ራቁቷን ደረታቸው ላይ አስተኛሁ፤ ኮፍያ አደረግሁላትና በሻርፓቸው አሰርኳት። ስለ ቅባቱ እያጉረመረሙ ዱዓ ያደርጉ ነበር። አምቡላንሱ ሲደርስ እግሯ ሞቋል። ላውርድልዎ ብል እምቢ አሉኝ። በዚያ ጉድጓዳማ መንገድ መቱ ድረስ እንዳቀፏት ሄዱ፤ ሆስፒታልም ዘይነባ እስክትበረታ ድረስ እሳቸው ያዟት።

ልጅቷ ተርፋ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ በአዴ ሰፈር የወለደችን ሴት ለመጠየቅ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር ይነታረካል፤ ሕፃን ሊያጥብ የመጣን ሰው በር ላይ ይመልሳሉ።

ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የምለው ይህንኑ ነው። ሕፃኑ ይድረቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ይዋል፣ ገላው ይቆይ። እናት ካልቻለች ሌላ ደረት ፈልጉ። አማት ከተቃወመች አማትየዋን አሳቅፏት።