«ሂ» ያልኳቸው አባቴ

ያኔ በእንግሊዝኛ መናገር ያቃተኝን ነገር አሁን በአማርኛ እንደ ልቤ ልጽፈው ነው። መጻፍ ደስ ሲል! ማንም መሃል ገብቶ አያርመኝም።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል መግባት የሚፈልግ ሁሉ ከዕረፍት መልስ የቃል ፈተና እንዳለበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። በደንብ ስለምታውቁት አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ተናገሩ ይላል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ተበላ ተመልሼ ማስተማር። ካላለፍኩ ቦታ የተረፈበት ክፍል ይመድቡኛል፤ ምኞቴም እዚያው ያበቃል።

ዕረፍቱን ሶዶ አክስቴ ቤት ሆኜ መዘጋጀት ጀመርኩ። አብራኝ የምትማር ጓደኛዬ የሶዶ ልጅ ናት፤ አባቷ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ስልጤ ናቸው። በየቀኑ ከሱቁ ጓሮ ጣቃ ላይ ተቀምጠን እንለማመዳለን። እኔ የመረጥኩት አባቴን ነው፤ ሁምቦ ውስጥ በቆሎ የሚያርሱ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑትን አባቴን።

የመጀመሪያው ቀን «ማይ ፋዘር አር ኤ ፋርመር። ዜይ ሊቭ ኢን ሁምቦ» ብዬ ጀመርኩ።

ጓደኛዬ በሳቅ ከጣቃው ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «አንቺ! ስንት አባት ነው ያለሽ?»

«አንድ ናቸው።»

«አንድ ናቸው ትላለች ደግሞ! ሂ በይ፣ ሂ!»

«አባቴን?»

«አባትሽን! የእንግሊዝ ንግሥት እንኳን ሺ ናት፣ ያንቺ አባት ምን ቤት ናቸው?»

እውነቷን ነው። ሰዋስዉን አውቀዋለሁ፤ ወረቀት ላይ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አስቸጋሪው አፌ ነው። እኛ ቤት አባት በወላይትኛም በአማርኛም «አንተ» አይባልም፤ በሌሉበትም «እሱ» አይባሉም። እናም ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሂ፣ ሂ፣ ሂ» ስል ከረምኩ። አክስቴ ከማድቤት «ብቻሽን ምን ያስቅሻል?» እያለች ትጮህብኛለች።

ቅዳሜ አባቴ ለገበያ ሶዶ መጡና አክስቴ ቤት ጎራ አሉ። ስለ እሳቸው እንደምናገር አክስቴ ነግራቸው ኖሮ «እስቲ ልስማው» አሉኝ። ቆምኩና አምስቱን ደቂቃ አንበለበልኩት። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም! አባቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጆሮ ግን አላቸው።

«ይቺ 'ሂ' የምትያት እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ምን ማለት ናት?»

መዋሸት እችል ነበር። «እሱ ማለት ነው» አልኩ።

«ለትልቅ ሰው የሚሉት ሌላ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«አይ ድህነት!» ብለው ሳቁ። አክስቴም ሳቀች። የአባቴ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ለማለፍ ከሆነ በይ፣ ልጄ። ፈቅጃለሁ» አሉኝ።

ምነው ባይፈቅዱልኝ።

የፈተናው ቀን ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መምህራን ተቀምጠዋል። «ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር» ብዬ ጀመርኩ፤ ውሃ ሆኖ ወረደልኝ። ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል። ልጨርስ ስል ወንዱ አቋረጠኝና፣ ዝናብ ሲጠፋ አባትሽ ምን ያደርጋል ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ይህን አልሸመደድኩትም። ድርቁ፣ የተሸጠው በሬያችን፣ አባቴ በር ላይ ቆመው «ፈቅጃለሁ» ሲሉኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ዜይ ፕሬይ» አልኩ። «ዜይ ሶልድ ዜር ኦክስ። ዜይ ዶንት ኢት አንቲል ዊ ኢት።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ካልኩት ሁሉ ከልቤ የወጣው ይህ ብቻ ነበር።

«ሃው ሜኒ ፋዘርስ ዱ ዩ ሃቭ?» አለና ተንከተከተ። ሴትዮዋ አቀረቀሩ። አባቴ አንድ ናቸው፣ ግን ትልቅ ሰው ናቸው ልለው ፈለግኩ፤ ቃሉ ከየት ይምጣ? «ዋን፣ ሰር» ብቻ አልኩ።

በዚህ መሃል ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አስገባች። እሱም በአማርኛ «ዲኑ መጡ እንዴ? እሳቸው ሳይወጡ እደርሳለሁ በያቸው» አላት።

እሳቸው! ስንት ዲን ነው ያለው?

ውጤት ሲለጠፍ ስሜ የለም። ጓደኛዬ አለፈች፤ እሷ የተናገረችው ስለ ታናሽ እህቷ ነበር። ብልህ ናት። እኔ ስሙን እንኳን ሰምቼው የማላውቀው ክፍል ደረሰኝ።

ሁምቦ ስመለስ አባቴ ገና ከመንገዱ «እህሳ፣ አለፍሽ?» አሉኝ።

«አላለፍኩም፣ አባባ።»

«ያቺን 'ሂ' አላልሻትም እንዴ? ፈቅጄልሽ ነበር እኮ።»

«ረሳኋት» አልኩ።

አሁን ጽፌ ስጨርስ መለስ ብዬ አየሁት። ፈታኙን ከጫፍ እስከ ጫፍ «እሱ» ብየዋለሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።