ሐውልቱ ላይ የቆመው ሰውዬ

እኔ ሆሳዕና አስተምራለሁ፤ ታናሽ እህቴ ዱራሜ ነርስ ናት። አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድማችን አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲሰጠኝ ውስጡ አንድ ጌም ነበር። ገና ሲከፈት ጀግናችሁ ወንድ ይሁን ወይስ ሴት ብሎ ይጠይቃል። ሴት አልን። ቁመቷን አስረዘምን፤ ግንባሯን ዳምቦያ ያለችውን አክስታችንን አስመሰልን፤ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አደረግንባት።

ክረምቱን ሙሉ እህቴ እሁድ ከቸርች በኋላ በሚኒባስ እየመጣች ተጫወትን። አንዳችን ስንጫወት ሌላችን በከምባትኛ "ከኋላሽ! ከኋላሽ!" እያልን እንጮሃለን። በጌሙ መጨረሻ በጠላት የተከበበችውን ከተማ ነፃ ያወጣን ቀን ተቃቅፈን ስንዘል፣ አከራዬ ደንግጠው በሩን አንኳኩ።

የጌሙ ክፍል ሁለት ሲወጣ ወንድማችን በፍላሽ ላከልን። ያችው ከተማ ናት፤ መቶ ዓመት አልፏል። አደባባዩ መሃል ሐውልት ቆሟል፤ ጢማም ሰውዬ። ከሥሩ "ከተማችንን ያዳናት ጀግና" የሚል ጽሑፍ አለ።

እህቴ "እቴ፣ የሆነ ነገር ተሳስተን ይሆናል" ብላ ዘግታ ከፈተችው። ያው ሰውዬ።

ለወንድሜ ደወልኩ። ሳቀብኝ።

"ሠሪዎቹ ዘንድ ትክክለኛው ጀግና እኮ ወንድ ነው። የእናንተዋ እንዲሁ ለመዝናናት ናት። ታሪኩን ለመቀጠል አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ ሁለት ሐውልት ያቁሙልሽ?"

"ታዲያ ለምን ጠየቁን?"

"ጌም ነው እኮ! ምን ያናድድሻል?"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከመጀመሪያው ጀግናው ወንድ ነው ቢሉኝ ወንዱን ሆኜ እጫወት ነበር፤ የሰው ታሪክ ነው፣ ምን አገባኝ? እነሱ ግን ምረጪ አሉኝ። መረጥኩ፣ ደከምኩ፣ ጨረስኩ። ከዚያ የሠራሁትን ሁሉ አንስተው ለማላውቀው ሰውዬ ሰጡት። ዝም ቢሉስ? ሐውልቱን ፊቱን ሸፍነው ቢያቆሙት ምን ይጎድልባቸው ነበር? በዚያች እንግሊዝኛዬ ለሠሪዎቹ ይህንኑ ጻፍኩላቸው። መልስ የለም።

እህቴ ግን ክፍል ሁለትን ወደደችው። እሷ ስትጫወት እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ንዴቴ ተነሳብኝና ጌሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁት፤ እሷ የደረሰችበትንም ሁሉ።

እሁድ መጥታ አየች። አልጮኸችም። ነጠላዋን አነሳች።

"እነሱ ያንቺን ወሰዱብሽ። የእኔን ግን ማን ወሰደው?" ብላ ወጣች።

ሦስት እሁድ ቀረች። በአራተኛው እኔ ዱራሜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ወዲያው አልታረቀችኝም፤ ምሳ ግን አበላችኝ። ቆይታ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረች፤ ጌሙን መልሼ ጭኜላታለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምራዋለች። በእህቴ ላይ በሠራሁት አፍራለሁ። በሰውዬው ግን አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ እሷ ስትከፍተው ወደ ጓሮ እወጣለሁ።